ከማዳበሪያ የተመዘዘ ክር

መናኸሪያው በር ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ሁለት ሰዎች በስሜ ጠሩኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊት ላይ የሚረጭበት ሰዓት ነው። አንደኛው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ሌላው መታወቂያ አሳየኝ፤ ለማንበብ ግን ጊዜ አልሰጠኝም። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሊጭነኝ ወደ እኔ መምጣት ጀምሮ፣ ነገሩ ሲገባው ዞሮ ሄደ። አልፈረድኩበትም።

የወሰዱኝ ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ነው። የትኛው እንደሆነ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። ቢሮ ውስጥ ስልኬ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ሻሸመኔ ሰው ጋ ትቼው እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ማን ጋ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ከሁለቱ አንዱ ክርኖቼን ወደ ኋላ ስቦ በሰማያዊ የናይለን ገመድ አሰረኝ። የፊጥኝ የሚባለው ነው። በሃያ ሁለት ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ ይህንን ቃል ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሁለት ክርኖች ከኋላ ሲገናኙ ደረት እንደሚወጠርና ትንፋሽ እንደሚያጥር ግን ጽፌ አላውቅም፤ አላውቅም ነበርና።

ያሰረኝ ሰው ምሳ ሄደ። ሲመለስ ሌላ ሥራ ጠብቆት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ብቻ ረሳኝ። ከሩቅ አዛን ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ከሁለተኛው በኋላ ቢሮውን ልትጠርግ የገባች ሴት አየችኝ፤ መጥረጊያዋን እዚያው ጥላ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ፖሊስ መጥቶ ፈታኝ። ግራ እጄ ሲቃጠልና ሲነዝረኝ ቆይቶ ተመለሰ። ቀኝ እጄ አልተመለሰም። ከአንጓዬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣቶቼን እጠፉ ስላቸው የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ዝም አሉኝ።

ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ተቀብለው ወደ ክፍሉ አስገቡኝ።

ክፍሉ በቁመቱ ስድስት እርምጃ፣ በጎኑ አራት እርምጃ ነው። እኔ ስገባ ሃያ ሰው ሆንን። የብረት በር፣ ጥግ ላይ ክዳኑ የማይገጥም ባልዲ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሁለት ጡብ የሚያህል ቀዳዳ አለ። አየር የሚገባውም የሚወጣውም በዚያው ነው። ሁሉም ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ነበሩ። ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ጆሮዬ እንደ መደፈን አለና ለጥቂት ጊዜ የሚያወሩትን መስማት አቃተኝ።

የክፍሉ ኃላፊ፣ እስረኞቹ «ካቦ» የሚሉት፣ ከአርሲ ነገሌ የመጣ ወፍራም የእህል ነጋዴ ነው። ሥልጣኑ የሚታወቀው በተቀመጠበት ነገር ነበር። ሌላው ሰው በካርቶን ቁራጭ ላይ ወይም በባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ፣ እሱ ከገዛ መጋዘኑ ቤተሰቡ ያመጡለት ንጹህ ነጭ ማዳበሪያ ነበረው። ስንዴ የሚሞላበት፣ አረንጓዴ መስመር ያለው ማዳበሪያ። በምን እንደገባሁ ጠየቀኝ።

«በጽሑፍ» አልኩት።

«በጽሑፍ?» አለና ዞሮ ሌሎቹን አየ። «እኔ በስንዴ ነው የገባሁት። ያንተ ይቀላል፤ አይነቅዝም።»

ሳቁ። ቦታዬን በባልዲውና በአንድ ቀጭን ሽማግሌ መካከል ሰጠኝ። ስፋቱ ሁለት ስንዝር ተኩል ነበር። ለካሁት፤ በግራ እጄ።

ሽማግሌውን «ካፒቴን» ይሏቸዋል። ይህን ስም አይወዱትም ነበር። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ገብተው የገመድና የመልሕቅ ሥራ ተምረዋል። አገሩ ባሕሩን ሲያጣ ጥቂት ዓመት በንግድ መርከብ ሠሩ፤ ከዚያ ወደ አዳማ መጥተው ለከባድ መኪናዎች ጭነት ማሰር ጀመሩ። ተሳቢው ሲጫን ሸራውን ይሸፍናሉ፣ ገመዱን ይወጥራሉ፤ መኪናው የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ እስኪደርስ ጭነቱ ንቅንቅ እንዳይል ያደርጋሉ። ሾፌሮች ሥራ አቁመው በተሰበሰቡ ዕለት እሳቸው እዚያው ተሳቢ ላይ ነበሩ። ማን ማን እንደተሰበሰበ ሲጠየቁ እሳቸው የሚያዩት ገመድ እንጂ ሰው እንዳልሆነ ተናገሩ። ይኸው ከታሰሩ አንድ ወር ሆናቸው።

ጠዋት ጠዋት በጣቶቻቸው ጫፍ ቆመው በቀዳዳው ያያሉ። ከኮረብታው ላይ ካሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የአንዱ ክንፍ ጫፍ ይታያል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ነፋሱ ከየት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚጠነክር ለክፍሉ ይናገራሉ።

«ካፒቴን፣ መቼ ነው የምንደርሰው?» ይላቸዋል አብረዋቸው ከተያዙት ሾፌሮች አንዱ በየቀኑ።

«ወደብ አላየሁም» ይላሉ።

በገባሁ ማግስት ለምርመራ ተጠራሁ። ከቤት ስወጣ በቀበቶ የለበስኩት ሱሪ ስለሚወርድ በግራ እጄ ይዤው ሄድኩ። ሁሉም የሚሄደው እንዲሁ ነበር። በራፉ ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የገባውን ሰው በተከፈተው በር አየሁት። አልፈርምም ይል ነበር። ሁለት ሰዎች ያዙት፤ ሦስተኛው አውራ ጣቱን በቀለሙ ላይ፣ ከዚያ በወረቀቱ ላይ ጫነው። ጩኸት አልነበረም። ሲወጣ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ ነበር።

የእኔ መርማሪ ወጣትና ትሑት ነው። «እርስዎ» እያለ ነው ያናገረኝ፤ ወንበር ሳበልኝ። የታሰርኩበትን ጽሑፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። ሾፌሮች በመንገድ ላይ እንደሚታገቱ፣ አንድ መሥሪያ ቤትም ይህን አስቀድሞ በደብዳቤ ተነግሮት ዝም ማለቱን የሚገልጽ ነበር። መርማሪው የሚፈልገው ደብዳቤውን ማን እንደሰጠኝ ነው። ይህን እንደማልመልስ ነገርኩት። እሱም አልተቆጣም። በእጁ የጻፈውን ረቂቅ አነበበልኝ። የእኔ ቃል ነው የተባለው ረቂቅ፣ ደብዳቤውን ሰጠችኝ ብሎ የአንዲት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሙሉ ስም ይዟል። ሴትየዋ ሁለት ልጆች አሏት። ያንን ስም በዚያ ቢሮ ውስጥ አንድም ጊዜ አልጠራሁም።

«ይህን አላልኩም» አልኩት።

«ተተይቦ ይመጣል፤ ያኔ አንብበው ይፈርማሉ።» ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ቀኝ እጄን አየ። «መጻፍ ካልቻሉ ችግር የለም፤ አሻራ ይበቃል።»

ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄድና የሚመለሰው ከመጪው ሰኞ በኋላ ባለው ሰኞ እንደሆነ ነገረኝ። ዐሥር ቀን ማለት ነው።

ተመልሼ ስገባ ካፒቴኑ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክንዴን ይዘው እጅጌዬን ገለጡት። ከክርኔ በላይ የገመዱ ምልክት ጠቁሮ ነበር። በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ልክ የተበላሸ ሥራ እንደሚመረምር ባለሙያ ተመለከቱት።

«ያሰረህ ሰው ከብት እንኳ አስሮ አያውቅም» አሉ።

ከዚያ ነገሩን እንደ ሒሳብ አስቀመጡልኝ። በድሮው ጊዜም እንዲህ የታሰሩ ሰዎች አይተዋል። የአንዳንዱ እጅ ይመለሳል፤ የአንዳንዱ አይመለስም። የሚመለሰውም ሥራ ሲሰጡት ነው። አውራ ጣት በግድ ሊጫን ይችላል። ፊርማ ግን በግድ ማስፈረም አይቻልም፤ ቢያንስ በዐሥር ቀን ውስጥ። እጄ እስክሪብቶ መያዝ ከቻለ ወረቀቱ ላይ የምለውን እላለሁ። ካልቻለ ጣቴ የእነሱ ነው።

«ስለዚህ ገመድ ትሠራለህ» አሉኝ።

ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ ነበረን። ጫፉ ተተርትሮ እንደ ፂም ተበትኗል። ካፒቴኑ ከካርቶናቸው ሥር ከአሮጌ ማዳበሪያ የተመዘዘ ክር አወጡ። ክሩን እንደ ቀለበት አጥፈው በገመዱ ላይ አስተኙት። ከዚያ ከውስጥ ጀምረው ወደ ጫፉ እየጠመጠሙ ወጡ፤ እያንዳንዱ ዙር ከጎኑ ካለው ጋር እየተጣበቀ። ሰባት ዙር ሲሆን የተረፈውን ክር በቀለበቱ ውስጥ አሳልፈው፣ በሌላ በኩል ያለውን ጫፍ ሳቡት። ቀለበቱ ክሩን ይዞ ከጥምጥሙ ሥር ገባ። ቋጠሮ የለውም። የተተረተረው ጫፍ ድፍን ሆነ።

እኛ ሁሉንም ማሰር ብለን እንደምንገላገል፣ መርከብ ላይ ግን እያንዳንዱ እስር የራሱ ስም እንዳለው አጫወቱኝ። በርሜልን ከመርከቡ ወለል ጋር ማሰር ሌላ ነው፤ ሁለት እንጨትን ማገናኘት ሌላ ነው፤ ማዕበል ሲመጣ ሰው ራሱን ከብረት ጋር የሚያስርበት ሌላ ነው። ይህ የገመድ ጫፍ አስተሳሰርም የራሱ ስም አለው። ያስተማራቸው የውጭ አገር ሰው በቋንቋው የሚጠራበት ቃል፣ ሰውን በጅራፍ መግረፍ ከሚባልበት ቃል ጋር አንድ ነበር።

ለምን አንድ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ጠይቄው አያውቀውም። እኔ ሳስበው በጥንት ዘመን መርከበኛ የሚገረፈው በገመድ ነው። የሚገርፉበት ገመድ ሲመታ እንዳይተረተር ጫፉን እንዲህ ያስሩት ነበር።»

«ማን ነገርዎት?»

«ማንም። ገምቼ ነው።»

የሚያውቁትን ከሚገምቱት ለይተው የሚናገሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሉኝን ሁሉ አመንኳቸው።

ማሰሪያውን ፈተው ክሩን ሰጡኝ። አውራ ጣቴና ጠቋሚ ጣቴ ክሩን ለመያዝ አልተገናኙም። በግራ እጄ ጠቋሚዬን ገፍቼ አገናኘኋቸው፤ ክሩ ወደቀ። እንደገና። ወደቀ። የዚያን ቀን ከሰዓት ያደረግኩት ይኸው ብቻ ነው፤ የወደቀ ክር ማንሳት። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ ነው። ጎኔ ያለው ባልዲ ይሸታል። አጠገቤ ያለው ሰው እግሩን ሲዘረጋ እኔ የእኔን ማጠፍ ነበረብኝ፤ እኔ ስዘረጋ ደግሞ ሌላው ያጥፋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰውን ሳይነካ የሚንቀሳቀስ ነገር ጣት ብቻ ነበር፤ የእኔ ጣት ደግሞ አልንቀሳቀስ አለ።

በሦስተኛው ቀን ክሩ መያዝ ጀመረ። በንዴት ከጫፍ ጀምሬ ወደ ውስጥ እያጠበቅኩ ጠመጠምኩ። ያማረ መሰለኝ። ካፒቴኑ ገመዱን ይዘው አንዴ ሳብ ቢያደርጉት ጥምጥሙ ሙሉውን እንደ ቀለበት ወልቆ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ሁሉም ሰው ከጫፉ ነው የሚጀምረው» አሉ። «የተበላሸው የሚታየው እዚያ ነዋ። ደህና ከሆነው ጀምር፤ ወደተበላሸው ውጣ።»

ክሩን በጥርሴ ለመሳብ ስሞክር ደግሞ አፌን በመዳፋቸው መለሱት። «ጥርስህን አልጠየቅኩም።»

በአምስተኛው ቀን ሥራው ወደ ክፍሉ ሁሉ ተዛመተ። ካፒቴኑ የማዳበሪያ ክር ገምደው የሱሪ መታጠቂያ መሥራት ጀመሩ፤ የእኔ ድርሻ ጫፎቹን ማሰር ሆነ። አንድ መታጠቂያ ሁለት ጫፍ አለው። ጫፉ ካልታሰረ በሁለት ቀን ውስጥ ተተርትሮ ያልቃል። ሾፌሮቹ ተራ ያዙ። ለምርመራ ሲጠራ ሁለት እጁን ነጻ አድርጎ የሄደው የመጀመሪያ ሰው፣ ተመልሶ ቁጭ ከማለቱ በፊት ቆሞ ትንሽ ቆየ።

ካቦ ብቻ ነበር ራቅ ብሎ የሚያየን። የሌሎቹ አሮጌ ማዳበሪያ እየሳሳ ሲሄድ ዓይናችን ወደ እሱ መዞሩን ሳያስተውል አልቀረም።

«እኔ የምሸጠው በኩንታል ነው» አለ። «በክር ሸጬ አላውቅም። ማዳበሪያዬ ላይ እጃችሁን እንዳታሳርፉ።»

ቅዳሜ ፍተሻ መጣ። ሁላችንንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረው ክፍሉን በረበሩ። የልብስ ማስጫውን ቆርጠው ወሰዱ። የተመዘዘውን ክር ሰበሰቡ፤ ከካርቶን ሥር አሮጌ ማዳበሪያዎቹን አወጡ፤ ከወገባችንም መታጠቂያዎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ገመድ ክልክል መሆኑን አታውቁም ወይ አለ ኃላፊያቸው፣ ረጅም ሳጅን። ካፒቴኑ ይህ ሱሪ መያዣ መሆኑን በትሕትና አስረዱት።

«ትእዛዝ ነው አባባ» አላቸው። ዕድሜያቸውን አከበረ፤ የእሳቸውንም መታጠቂያ ግን ወሰደ።

በሩ ተዘጋ። ቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ አየሁት። አራት ጣቶች ይታጠፉ ነበር። ትንሿ ጣት አትታጠፍም። ክር እይዛለሁ፤ ግን እስክሪብቶ ይዤ መስመር መያዜን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሁለት ቀን ቀርቶኛል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሥራ የፈታ እጅ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ካፒቴኑ ነግረውኛል። የሴትየዋ ስም በዚያ ረቂቅ ላይ የተጻፈበት ቦታ ይታየኝ ነበር፤ ሦስተኛው መስመር፣ መሃል ላይ። ክፍሉ ከወትሮው የበለጠ ጠበበኝ። ሃያ ሰው የሚተነፍሰውን አየር መልሼ የምተነፍስ መሰለኝ፤ ተነስቼ ልቁም ብል የምቆምበት ቦታ በሰው እግር ተይዟል።

እሁድ ጠዋት ካቦ ከማዳበሪያው ላይ ተነሳ። በፍተሻው ጊዜ ያልተነካው የእሱ ብቻ ነበር፤ አዲስና ሙሉ ስለሆነ እንደ ምንጣፍ ቆጥረውት ይሆናል። አጣጥፎ ወደ እኔ ወረወረውና ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠ።

«አረንጓዴውን መስመር አስቀርልኝ» አለኝ። «የመጋዘኔ ምልክት ነው።»

«በምን ልትተኛ ነው?»

«በስብ።» ሆዱን መታ አደረገ። ከዚያ በሌላ ድምፅ «ጃባዱ» አለኝ፤ በኦሮምኛ በርታ ማለቱ ነው።

የዚያን ቀን ካፒቴኑ በሥራው እጃቸውን አላስገቡም። ግድግዳው ላይ ተደግፈው ያዩኝ ነበር። ክሩን ራሴ መዘዝኩ፤ ራሴ ገመድኩ፤ በሁለቱም ጫፍ ሰባት ሰባት ዙር ከውስጥ ወደ ውጭ ጠመጠምኩ። ነጭ ክር ሲያልቅብኝ ለአንዱ ጫፍ ከአረንጓዴው መዘዝኩ፤ ካቦ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ስጨርስ ካፒቴኑ ተቀብለው ጫፉን በሁለት እጃቸው ሳቡት። አልወለቀም። መለሱልኝ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ተጠራሁ። በሩ ላይ የጠበቀኝ ያው ረጅም ሳጅን ነው። ሁለት እጆቼን ነጻ አድርጌ ስወጣ ዓይኑ ወደ ወገቤ ሄደ። ሸሚዜን ገለጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሱሪዬ እንዳይወርድ ነው።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

አረንጓዴውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው። ከዚያ ቀኝ እጄን አየ። የፊጥኝ በታሰርኩበት ቀን እዚያው ጣቢያ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ከዚያ ውጭ ስለ እሱ የማውቀው የለም። ሸሚዜን መልሶ ለቀቀው።

«ወደ ውስጥ ክተተው» አለኝ።

መርማሪው ወንበር ሳበልኝ። ወረቀቱ ተተይቦ ተቀምጧል። ከጎኑ የአሻራ ቀለም ያለበት ክብ ቆርቆሮ፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ግድግዳው ሥር ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አነበብኩት። ስሟ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር፤ ልክ እንደማስታውሰው። መርማሪው ወደ ቆርቆሮው በዓይኑ እያመለከተ እጄ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ» አልኩት።

ሰጠኝ። ክር እንደምይዘው ያዝኩት፤ በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መካከል፣ ሌሎቹ ተከትለው። ከሴትየዋ ስም ሥር፣ በመስመሮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ መጻፍ ጀመርኩ። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ተጻፈ። ፊደል የሚቆጥር ልጅ እጅ ጽሑፍ ይመስል ነበር። ሁለት ጊዜ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜ አነሳሁት። ማንም አላገዘኝም፤ ማንም አላቋረጠኝም። የጻፍኩት፣ «ከላይ ያለውን አላልኩም። ይህን ስም አልጠራሁም።» ይላል። ከሥሩ ፈረምኩ፤ ቀኑን ጨመርኩ።

መርማሪው ወረቀቱን አንስቶ አነበበው። ከመዝገቡ ውስጥ መታወቂያዬን አውጥቶ ከጎኑ አደረገው።

«ፊርማዎ ከመታወቂያዎ ጋር አይመሳሰልም» አለ።

«እጄም አይመሳሰልም።»

ግድግዳው ሥር ከቆሙት አንዱ ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበ። መርማሪው እሱን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር የሚያየው። የእኔ ጽሑፍ የታይፑን መሃል ይዞታል፤ በላዩ ላይ አሻራ ቢጫንም ከሥሩ አላልኩም የሚለው ይነበባል። እንደገና መተየብ ነበረበት። በዚያ ሰዓት መብራት አልነበረም፤ ከራሱ በላይ ያለው ማራገቢያ ቆሟል። በመጨረሻ የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን ገጠመው።

«ይመለሱ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ እንደገና አልመጣልኝም። ሴትየዋም አልተጠራችም፤ ዛሬም ሥራዋ ላይ ናት። ምክንያቱ የእኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን አላውቅም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ከባልዲው አጠገብ ያለው ቦታ ሰፍቶ ጠበቀኝ። የካፒቴኑ ካርቶን ባዶ ነው። እኔ በወጣሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ጠባቂ መጥቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ብሏቸዋል። ይህ ቃል መፈታትም ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሌላ እስር ቤት መዛወርም ሊሆን ይችላል። ጠባቂው የትኛው እንደሆነ አልተናገረም። ዕቃ አልነበራቸውም።

«የተናገሩት ነገር አለ?» ብዬ ካቦን ጠየቅኩት።

«በሩ ላይ ዞረው 'ጻፈ?' አሉ።»

«ምን አላችኋቸው?»

«ምን እንላለን? አንተ አልተመለስክ።»

ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ እኔም ዕቃዬን ይዤ እንድወጣ ታዘዝኩ። ክስ አልቀረበብኝም። ቀበቶዬን መለሱልኝ፤ የጫማዬ ክር ጠፍቶ ነበር። ካቦ እኔ ስወጣ እዚያው ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ተፈትቶ ወደ እህሉ ተመልሷል። ካፒቴኑን በሦስት ቦታ ጠየቅኩ። በሁለቱ እንዲህ ያለ ሰው አልገባም አሉኝ፤ በሦስተኛው መዝገቡ አይገለጥም አሉኝ። ስማቸውን በትክክል አለማወቄም አልረዳኝም። ሁላችንም ካፒቴን ስንላቸው፣ ስም መጠየቅ ሙያዬ የሆነው እኔ አልጠየቅኳቸውም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሠራኋቸው ስህተቶች የምቆጭበት ይህ ነው።

ትንሿ ጣቴ ዛሬም አትታጠፍም። ያ መታጠቂያ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አልተተረተረም።

ባለፈው መኸር ለእህል ዋጋ ዘገባ አርሲ ነገሌ ሄጄ ካቦን መጋዘኑ በር ላይ አገኘሁት። ስንዴ ለመጫን የቆመ ተሳቢ ነበር። ሸራውን የያዘው ገመድ ጫፍ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። ቀርቤ አየሁት። በማዳበሪያ ክር፣ ከውስጥ ወደ ጫፍ፣ ቋጠሮ ሳይኖረው ታስሯል። ቆጠርኩት፤ ሰባት ዙር ነው። ሾፌሩን ማን እንዳሰረለት ጠየቅኩት። መኪናውን ከሌላ ሾፌር የተረከበው በቅርቡ እንደሆነና ገመዱን እንዲሁ እንዳገኘው ነገረኝ። ጭነት የሚያስሩለት አዳማ ነው፤ ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፤ ሽማግሌም ወጣትም አለ።

ይህ ማስረጃ አይደለም። ካፒቴኑ ሙያውን ያስተማሯቸው ሌሎች ሰዎች ይኖራሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ከማስታወሻ ደብተሬ አንድ ቅጠል ቀደድኩ። ካቦ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር፤ የምሠራው ገብቶታል። ወረቀቱን በመኪናው ጎማ ላይ አስደግፌ በቀኝ እጄ አንድ ቃል ጻፍኩበትና ለሾፌሩ ሰጠሁት። አዳማ ሲጭን ጭነት ከሚያስሩት መካከል መርከብ ላይ የሠሩ ሽማግሌ ካሉ እንዲሰጥልኝ ለመንኩት።

ገልጦ አነበበው። «ጻፍኩ» ይላል።

«ከማን ነው ልበላቸው?» አለኝ።

«ያውቁታል» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ከመስታወቱ በላይ ሰካው።